የአቶም ዘበኞችና የሚተዳደሩበት ሕግ

ማሽላ ማሸት በሚጀምርበት ጊዜ በሲሪንቃና በመርሳ ዙሪያ ያለ ገበሬ በእርሻው መካከል ማማ ይሠራል። በማማው ላይ የሚወጣውም ልጅ ወንጭፉን ይዞ ከንጋት እስከ ምሽት ግሪሳውን ሲያባርር፣ ዝንጀሮውን ሲከላከል ይውላል። ከእኛ ከተማሪዎቹ መካከል ይህን ሥራ ያልሠራ ጥቂት ነው። የሠራውም ሁሉ አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል፤ ይኸውም ወንጭፍ ብቻውን እርሻ እንደማይጠብቅ ነው። ልጁን እንቅልፍ የወሰደው እንደ ሆነ፣ ወይም ምሳው ሳይደርስለት ቀርቶ ከማማው የወረደ እንደ ሆነ፣ ወንጭፉ በእንጨት ላይ ተሰቅሎ ሳለ ማሽላው ይበላል። ከዚያ በኋላ የሚደረገው ጩኸት «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የተባለው ነው።

ይህ ትንሽ ምሳሌ ዛሬ ልጽፍበት ላሰብሁት ትልቅ ነገር መግቢያ ይሆነኛል። ነገሩም የአቶም ኃይል የሚመረትባቸውንና የሚከማችባቸውን ስፍራዎች የሚጠብቁ የታጠቁ ዘበኞች የሚተዳደሩበት ሕግ ታሪክ ነው። ምናልባት አንባቢው «ይህ ለእኛ ምናችን ነው? በወሎ የአቶም ፋብሪካ የት አለ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። እውነት ነው፤ በወሎ የለም፤ በኢትዮጵያም የአቶም ኤሌክትሪክ ማመንጫ ገና አልተሠራም። ነገር ግን መንግሥት እንዲሠራ አስቦ በመስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. በሞስኮ ከተማ ሮሳቶም ከሚባለው የሩስያ የአቶም ድርጅት ጋራ ለዚሁ የሚሆን የሥራ ዕቅድ ተፈራርሟል። እንግዲህ ዛሬ በዚህ ትምህርት ቤት ወንበር ላይ የተቀመጠ ተማሪ ነገ የዚያ ስፍራ መሐንዲስ፣ ወይም ሐኪም፣ ወይም ዘበኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሌሎች አገሮች ዘበኞች ምን እንደ ደረሰባቸውና ሕጋቸው እንዴት እንደ ተጻፈ ከወዲሁ ማወቅ ይበጃል።

አስቀድመን ግን በቅርባችን ያለውን ታሪክ እንመልከት። ከእኛ በስተ ደቡብ ምዕራብ በአምባሰል የሚገኘው የግሸን አምባ ዛሬ ምእመናን መስከረም 21 ቀን የሚሳለሙት ቅዱስ ስፍራ ነው። በጥንት ዘመን ግን የነገሥታቱ ወንዶች ልጆች በዙፋን ምክንያት ጦርነት እንዳያነሡ ተጠብቀው የሚኖሩበት አምባ ነበረ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1520 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ 6 ዓመት የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ አምባው ጠባቂዎች ጽፏል። ያለ ፈቃድ ወደ አምባው የገባ ሰው እጅና እግሩ እንደሚቆረጥ፣ ዓይኑም እንደሚጠፋ ይናገራል። ደግሞም ከአምባው ለንጉሡ ደብዳቤ ይዞ የወጣ አንድ መነኩሴ በተያዘ ጊዜ፣ መነኩሴው ብቻ ሳይሆን ጠባቂዎቹም አብረው ሲገረፉ እንዳየ ይተርካል።

ቅጣቱ እጅግ ጨካኝ ነው፤ እኛም አናመሰግነውም። ሆኖም ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮች እንማራለን። አንደኛው፣ በግሸን ይጠበቅ የነበረው፣ ከአምባው ቢወጣ አገርን ሊያናውጥ የሚችል ነገር መሆኑ ነው። የአቶም ነዳጅም እንደዚሁ ነው፤ የሚጠበቀው ስለ ዋጋው ብቻ ሳይሆን ቢወጣ ስለሚያመጣው ጥፋት ነው። ሁለተኛው፣ ሕጉ የተጻፈው ለሌባው ብቻ እንዳልሆነ ነው፤ ጠባቂውም ስለ ጥበቃው ይጠየቅ ነበር። ከዚህ ቀጥሎ ስለ ውጭ አገር በምንናገርበት ጊዜ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢው ያስታውስ።

የአቶም ኃይል ታሪክ ረጅም አይደለም። በታኅሣሥ ወር 1942 በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ ሊቃውንት የመጀመሪያውን የማያቋርጥ የአቶም ፍንጠቃ አካሄዱ። ከዚያም 3 ዓመት ሳይሞላ በነሐሴ 1945 ሂሮሺማና ናጋሳኪ የተባሉት የጃፓን ከተሞች በአቶም ቦምብ ጠፉ። በ1954 ደግሞ በሶቪየት ኅብረት በኦብኒንስክ ከተማ ይኸው ኃይል ለሕዝብ ኤሌክትሪክ መስጠት ጀመረ። በ1957 ዓለም አቀፉ የአቶም ኃይል ድርጅት በቪየና ሲቋቋም ኢትዮጵያ በዚያው ዓመት አባል ሆናለች።

ይህ ኃይል የሚያስፈልገው ጥበቃ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ስርቆትን ለመከላከል ነው፤ የተጣራ ዩራንየም ወይም ፕሉቶንየም በክፉ ሰው እጅ ቢገባ ለቦምብ ሊውል ይችላልና። ሁለተኛው ሆነ ተብሎ የሚደረግ ማበላሸትን ለመከላከል ነው፤ የማቀዝቀዣው መሣሪያ ቢሰበር ጨረራው ወጥቶ አየሩንና ውኃውን ሊመርዝ ይችላልና።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ አገሮች ይህን ንብረት እንደ ማንኛውም መጋዘን ይጠብቁት ነበር። በአፍሪካ የመጀመሪያው የአቶም ማብለያ በ1959 በኪንሻሳ ከተማ ለምርምር ሥራ ተጀመረ። በ1970ዎቹ ከዚያ ስፍራ ሁለት የነዳጅ ዘንጎች ጠፉ። ከሁለቱ አንዱ በ1998 በኢጣልያ አገር ከወንበዴዎች እጅ ተያዘ። ከኪንሻሳ እስከ ኢጣልያ ያለውን ርቀት ያሰበ ሰው፣ የአንድ መጋዘን ቁልፍ በሚገባ አለመጠበቁ የስንት አገር ሕዝብ ጉዳይ እንደሚሆን ይረዳል።

በዚህም ምክንያት ዓለም አቀፉ ድርጅት በ1972 ስለ አቶም ንብረት አጠባበቅ ምክር አወጣ፤ በ1975ም አሻሽሎ አሳተመው። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ታድሶ አምስተኛው እድሳቱ በ2011 ወጥቷል። የምክሩ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። ንብረቱ እንደ አደገኛነቱ በየደረጃው ይከፈል፤ አደገኛው በብዙ አጥር ውስጥ ይቀመጥ፤ ወደ ውስጥ የሚገቡት ሰዎች ጥቂቶችና ታማኝነታቸው የተመረመረ ይሁኑ፤ ወደ ዋናው ስፍራ ማንም ለብቻው አይግባ፤ ዘበኞች ሌሊትና ቀን ሳይቋረጡ ይጠብቁ፤ ዘበኞቹ የማይታጠቁበት አገር ቢኖር ጉድለቱ በሌላ መንገድ ይሟላ። ከዚህም ሁሉ በላይ አንድ የሂሳብ ነገር አለ። አጥሩና በሩ ሌባውን የሚያዘገዩበት ጊዜ፣ ረዳት ኃይል ለመድረስ ከሚፈጅበት ጊዜ መብለጥ አለበት። አጥሩን ለመቁረጥ 5 ደቂቃ የሚበቃ ሆኖ ረዳቱ በ20 ደቂቃ የሚደርስ ከሆነ፣ አጥሩ ቢያምር እንኳ ጥበቃ አይባልም።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ አገር የራሱን ሕግ ጻፈ። በእንግሊዝ አገር በ1976 የወጣው አዋጅ የአቶም ስፍራዎችን የሚጠብቁ ልዩ ፖሊሶች መሣሪያ እንዲይዙ ሥልጣን ሰጠ፤ በ2005ም ይህ ኃይል ራሱን የቻለ የፖሊስ ሠራዊት ሆነ። በአሜሪካ ግን ጠባቂው ብዙ ጊዜ የመንግሥት ፖሊስ ሳይሆን የኩባንያ ሠራተኛ ነው። ስለዚህ የአቶም ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የዘበኛውን ነገር በዝርዝር ደነገገ። በማመንጫዎች መሣሪያ የሚታጠቀው ዘበኛ 21 ዓመት የሞላው ይሁን፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የጨረሰ ወይም ተመጣጣኝ ዕውቀት ያለው ይሁን፤ ዓይኑ፣ ጆሮውና አእምሮው በሐኪም ይመርመር፤ ተኩሱን በቀንም በጨለማም በየዓመቱ ይፈተን። ደግሞም ወራሪ መስለው የሚመጡ የሠለጠኑ ሰዎች ማመንጫውን «እንዲያጠቁ» ተደርጎ፣ ዘበኞቹ በየሦስት ዓመቱ በመንግሥት ፊት ይፈተናሉ። ለአንድ ዘበኛ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት መጠየቁን ስናነብ ብዙዎቻችን እንገረም ይሆናል። ነገር ግን ማስጠንቀቂያውን የሚያነበው፣ ስልኩን የሚደውለው፣ መተኮስ የሚገባውንና የማይገባውን ጊዜ የሚለየው እርሱ ነው።

በመጋቢት 1980 ደግሞ የአቶም ንብረት አካላዊ ጥበቃ ስምምነት ለፊርማ ቀርቦ በ1987 ጸና። ይህ ስምምነት በይበልጥ የሚመለከተው ንብረቱ ከአገር ወደ አገር ሲጓጓዝ ያለውን ጥበቃ ነበረ። በአገር ውስጥ ያሉትን ስፍራዎች እንዲጨምር በ2005 ተሻሽሎ፣ ማሻሻያው የጸናው በ2016 ነው። አንድ ቃል ለማሻሻል ብዙ ዓመት የሚፈጅ መሆኑን ከዚህ እናያለን። አደጋው ግን ዓመት አይጠብቅም፤ የሚከተሉት አራት ታሪኮች ይህን ያስረዳሉ።

የመጀመሪያው በብራዚል በጎያኒያ ከተማ የሆነው ነው። በዚያ ከተማ የካንሰር በሽታ የሚታከምበት አንድ የግል ሕክምና ቤት በ1985 ወደ ሌላ ስፍራ ሲዛወር፣ ሴዝየም የተባለ ጨረራ ሰጪ ነገር ያለበትን የሕክምና መኪና በአሮጌው ቤት ትቶት ሄደ። በቤቱ ላይ ክርክር ስለ ነበረ ፍርድ ቤቱ ዘበኛ እንዲቆም አዘዘ። በመስከረም 13 ቀን 1987 ግን ዘበኛው ወደ ሥራው አልመጣም። በዚያ ቀን ሁለት ሰዎች ገብተው መኪናውን ፈታትተው ብረቱን ሊሸጡ ወሰዱ። የብረት ነጋዴውም በውስጡ ያለው ዱቄት በሌሊት ሰማያዊ ብርሃን ሲሰጥ አይቶ ተደነቀ፤ ለዘመድና ለጎረቤት አከፋፈለ። ዱቄቱ 93 ግራም ያህል ብቻ ነበረ። በዚህም አራት ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም አንዷ የ6 ዓመት ሕፃን ነበረች። በ249 ሰዎች ላይ ብክለት ተገኘ፤ 112,000 ያህል ሕዝብም ተመረመረ። ቤቶች ፈረሱ፤ አፈሩም ተዝቆ ተወሰደ። ይህ ሁሉ ሲሆን ጦር አልተነሣም፤ ጥይትም አልተተኮሰም። አንድ ዘበኛ አንድ ቀን መቅረቱና በእርሱ ምትክ የሚቆም ሁለተኛ ሰው አለመኖሩ በቂ ሆነ።

ሁለተኛው በአሜሪካ በፔንሲልቫንያ ግዛት ፒች ቦተም በሚባለው የአቶም ማመንጫ የሆነው ነው። ዘበኞች በድካም እንዳይሠሩ የሥራ ሰዓት ወሰን የሚያበጅ ትእዛዝ በ2003 ወጥቶ ነበር። በ2007 ግን በዚያ ማመንጫ ዘበኞች በተራቸው ይተኛሉ የሚል ደብዳቤ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ደረሰ፤ መሥሪያ ቤቱም ማረጋገጫ አላገኘሁም ብሎ ተወው። ከዘበኞቹ አንዱ ባልደረቦቹ ተኝተው ሳሉ በድብቅ ፊልም አነሣቸው፤ በመስከረም ወርም ፊልሙ በቴሌቪዥን ታየ። የጥበቃው ኩባንያ ውሉ ተቋረጠ፤ ማመንጫውም 65,000 ዶላር ተቀጣ። እውነቱን የገለጠው ዘበኛ ግን ሥራውን አጣ። በ2008 የወጣው ደንብ ዘበኛው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ16 ሰዓት፣ በ7 ቀንም ውስጥ ከ72 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ወሰነ። እንቅልፍ በሕግ የተጻፈለት ሠራተኛ ሲኖር ብዙ ሰው ይስቅ ይሆናል፤ በማማ ላይ የዋለ ልጅ ግን አይስቅም።

ሦስተኛው በአህጉራችን የሆነው ነው። ደቡብ አፍሪካ ቀድሞ የሠራቻቸውን የአቶም ቦምቦች በራሷ ፈቃድ ካፈረሰች በኋላ፣ ከውስጣቸው የወጣው ዩራንየም ፔሊንዳባ በሚባለው ስፍራ ተቀምጧል። አፍሪካ ከአቶም መሣሪያ ነጻ እንድትሆን በ1996 የተፈረመው ውልም የዚህኑ ስፍራ ስም ይዟል፤ በዚህ ውል አባል የሆኑ አገሮች የአቶም ንብረታቸውን በጥብቅ ለመጠበቅ ቃል ገብተዋል። በኅዳር ወር 2007 በአንድ ሌሊት የታጠቁ ሰዎች ኤሌክትሪክ ያለበትን አጥር አልፈው ወደ ፔሊንዳባ ገቡ። እስከ መቆጣጠሪያው ክፍል ደርሰው አንድ ሠራተኛ በጥይት አቆሰሉ፤ በውስጥም 45 ደቂቃ ያህል ቆይተው ሳይያዙ ወጡ። በሌላ ወገን የመጡትን ግን አንድ ዘበኛ አይቶ ስለ ተኮሰባቸው ሸሹ። ዩራንየሙ አልተነካም። በአንዱ በኩል ኤሌክትሪክ ያለበት አጥር ሳይመክት፣ በሌላው በኩል የነቃ ሰው መከተ።

አራተኛው በሐምሌ 28 ቀን 2012 በአሜሪካ በኦክ ሪጅ የሆነው ነው። ይህ ስፍራ ለቦምብ የሚሆን ብዙ ዩራንየም የሚከማችበት ነው። በዚያ ሌሊት የአቶም መሣሪያን የሚቃወሙ ሦስት ሰዎች አጥሮቹን በመቁረጫ ቆርጠው እስከ ግምጃ ቤቱ ግድግዳ ደረሱ። ከእነርሱ አንዷ ሜገን ራይስ የተባሉ የ82 ዓመት መነኩሲት ሲሆኑ፣ በናይጄርያና በጋና ብዙ ዘመን ያስተማሩ መምህርት ነበሩ። በግድግዳው ላይ የሰላም ቃል ጽፈው፣ በመዶሻ እየመቱ ዘበኛ እስኪመጣ ቆዩ። በኋላ ሲመረመር፣ ከሚጠብቁት የካሜራ መሣሪያዎች አንዳንዶቹ ለብዙ ወራት ተበላሽተው ሳይጠገኑ እንደ ቆዩ፣ የማስጠንቀቂያውም ደወል ያለ ምክንያት በየቀኑ ብዙ ጊዜ ስለሚጮኽ ዘበኞቹ እንደ ለመዱት ተገለጠ። የመዶሻውን ድምፅ የሰሙትም ጠጋኞች መስለዋቸው ነበር። መጀመሪያ የደረሰው ዘበኛ ከሥራው ተሰናበተ። ኩባንያውም ከጊዜ በኋላ ውሉን አጣ። ካሜራውን ሳያስጠግኑ የቆዩት ግን ዘበኞች አልነበሩም።

ከእነዚህ አራት ታሪኮች የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው። የዘበኛ ሕግ ስለ ጠመንጃው ብቻ ከተናገረ ግማሽ ሕግ ነው። ዘበኛው የሚያርፍበትን ሰዓት፣ ሲቀር የሚተካውን ሰው፣ የተበላሸ መሣሪያ በስንት ቀን እንደሚጠገን፣ ጉድለትን የተናገረ ሠራተኛ እንደማይባረር ጭምር መናገር አለበት። በግሸን ዘመን ጠባቂው ብቻውን ይገረፍ ነበር፤ በዘመናችን ግን ዘበኛውን ሳያሠለጥን፣ ሳያሳርፍና ሳይሰማ ያቆመው አለቃም መጠየቅ አለበት።

ደግሞ የዘበኛ ሕግ ወሰን እንዳለው ማወቅ ይገባል። የግሸን አምባ ብዙ ዘመን ከተጠበቀ በኋላ በ1540 የኢማም አሕመድ ሠራዊት ወጥቶ ያዘው። በመጋቢት 4 ቀን 2022ም በዩክሬን አገር የሚገኘው፣ ስድስት ማብለያዎች ያሉት የዛፖሪዢያ የአቶም ማመንጫ በሩስያ ጦር እጅ ወደቀ። ዘበኛ የተሠራው ለሌባና ለወንበዴ ነው፤ ሠራዊትን ሊያቆም አይችልም። ስለዚህ በ1977 የተጻፈው የጄኔቫ ተጨማሪ ውል ጦረኞች በአቶም ኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ላይ አደጋ እንዳይጥሉ ይከለክላል። ይህን ነገር እኛ የሲሪንቃ ልጆች ከመጽሐፍ ብቻ አናውቀውም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ አካባቢያችን በደረሰ ጊዜ፣ ለደረቅ አገር የሚስማማ ዘር የሚመረመርበት የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ተዘርፏል፤ ተጎድቷልም። የብዙ ዓመት ድካም በጥቂት ወራት እንዴት እንደሚጠፋ አይተናል። የተዘረፈው ዘርና መሣሪያ ሳይሆን ጨረራ ሰጪ ነገር ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ወዴት በደረሰ ነበር? ስለዚህ የዘበኛው የመጨረሻ አጥር የአገር ሰላም ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ማመንጫ ባይኖረንም ጨረራ ሰጪ ነገር የለንም ማለት አይደለም። በአዲስ አበባ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የካንሰር ሕመምተኞችን በኮባልት ጨረራ ሲያክም ኖሯል። በቃሊቲም ከብቶችን በገንዲ በሽታ የሚጨርሰውን የቆላ ዝንብ ለማጥፋት፣ ወንዶቹ ዝንቦች በጨረራ መክነው የሚለቀቁበት ሥራ ተቋቁሟል። የጎያኒያው አደጋ የመጣው ከዚህ ዓይነት የሕክምና መኪና እንጂ ከማመንጫ እንዳልሆነ አንባቢው ልብ ይበል። ለዚህም ሕግ ተጽፏል። በ1986 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 79 የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ2000 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 571፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የጨረራና ኒውክሌር መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1025 ወጣ። በሌላ ወገን የ2012 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1177 ማንም ሰው ወይም ድርጅት ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ እንዳይይዝ ይከለክላል። አንዱ አዋጅ ስለ ጨረራው፣ ሁለተኛው ስለ ጠመንጃው ይናገራል። በሁለቱ መካከል የሚቆመው ሰው ዘበኛው ነው።

እንግዲህ የአቶም ማመንጫ በአገራችን የሚሠራ ከሆነ፣ የዘበኛው ደንብ የመሠረት ድንጋዩ ሳይጣል ተጽፎ መገኘት ይገባዋል። የውጭ አገሮች ብዙውን አንቀጽ የጻፉት ከጥፋት በኋላ ነው፤ እኛ ግን በእነርሱ ኪሣራ ልንማር እንችላለን። ማሽላው ከተበላ በኋላ ማማ መሥራት ሞኝነት መሆኑን ለሲሪንቃ ገበሬ ማንም አያስተምረውም።

ለእኛ ለተማሪዎችም የሚተርፍ ነገር አለ። በየቀኑ የትምህርት ቤታችንን በር የሚከፍቱልንን ዘበኛ «አባባ፣ እንደምን አደሩ?» ብለን የምናልፍ ስንቶቻችን ነን? በየአገሩ እንዳየነው፣ መሐንዲሱና ሊቁ የሠሩት ሁሉ በሌሊት የሚያድረው በእንዲህ ያለ ሰው እጅ ነው። ይህን ሰው የሚያከብር፣ የሚያሠለጥንና የሚሰማ ሕዝብ የአቶምን ኃይል ቢይዝ ያምርበታል። ይህን ሳያውቅ የሚይዝ ሕዝብ ግን ወንጭፉን በማማ ላይ ሰቅሎ እንደ ተኛው ልጅ ይሆናል።